ሽንኩርት ውስጥ የሌለ ክሎሮፕላስት፦ ተማሪዎቼ በማይክሮስኮፕ ያዩትን ትተው የተነገራቸውን ሳሉ

መምህርት ዘጠነኛ — ታኅሣሥ 6

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ያጋጠመኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ሐሳባችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ያለን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ከሥሩ መስታወት ያለው አሮጌ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አያሳስበንም፤ መስኮት ዳር አስጠግተን በቀን ብርሃን እናያለን። ከ50 በላይ ልጆችን በአምስት በአምስት ከፋፍዬ ሁለት ከሰዓት ሙሉ የሽንኩርት ስስ ልጣጭና የጉንጭ ህዋስ አሳየኋቸው። ሽንኩርቱን በአዮዲን፣ ጉንጩን በሜቲሊን ብሉ ቀለም አስያዝነው። ሁሉም ወረፋ ጠብቆ አየ። ያያችሁትን ስላችሁ፣ ሁለቱን አወዳድራችሁ አምጡ አልኳቸው።

ደብተር ሳርም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሽንኩርቱ ህዋስ ውስጥ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ተክል በብርሃን ምግብ የሚሠራበትን አረንጓዴ ክፍል፣ ስለዋል። ክብ ክብ አድርገው፣ በአረንጓዴ እርሳስ አሳምረው ቀብተው። የሽንኩርት ራስ ውስጥ ያለው ልጣጭ እኮ ክሎሮፕላስት የለውም! ብርሃን የማያገኝ፣ ምግብ የሚከማችበት ክፍል ነው። ያየነው ስላይድ ላይ አንድም አረንጓዴ ነገር አልነበረም፤ አዮዲኑ ያመጣው ቢጫና ቡናማ ብቻ ነው። ከክፍሉ ጎበዝ የሆነችውን ልጅ ጠርቼ «ይኼን የት አየሽው?» አልኳት። «ቲቸር፣ የእፅዋት ህዋስ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

የጉንጩም እንደዚያው ነው። ሁሉም በሳንቲም የተሠመረ የሚመስል ክብ ሳሉ። ያየነው ግን ዳር ዳሩ የተዛነፈ፣ አንዳንዱ እንደ እንጀራ ጠርዝ የታጠፈ፣ እርስ በርሱ የተነባበረ ነበር። «የእንስሳት ህዋስ ክብ ነው፣ የእፅዋት አራት ማዕዘን ነው» የሚለውን ሥዕል ከሰሌዳው ገልብጠው ነው የመጡት።

ጥፋቱ የልጆቹ ነው ብዬ አላምንም። ሥዕሉን አስቀድሜ ሰሌዳው ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከዓይናቸው ተነስተው እንዲያወዳድሩ እንዴት ላድርግ? ብዙ ብር የማይጠይቅ፣ ከኩሽናና ከግቢ የሚገኝ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሽሮሜዳ ልጅ — ታኅሣሥ 6

መምህርት፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ለ50 ልጅ በጣም ያደክማል። እኔ ብሆን በፕሮጀክተር ጥርት ያለ ፎቶ አሳያቸው ነበር። ሁሉም እኩል ያያሉ፣ ክርክር አይኖርም። የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ብዥ ስለሚል ልጆቹ ያላዩትን ቢሞሉ አይፈረድባቸውም።

መምህርት ዘጠነኛ — ታኅሣሥ 6

ስለ ሐሳብህ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ፎቶ አሳይቻቸው አውቃለሁ። ፎቶ ላይ ግን ሰው መርጦላቸው፣ አጥርቶላቸው፣ ቀስት አስገብቶ ስም ጽፎላቸው ነው የሚያዩት። የትኛው የአየር አረፋ፣ የትኛው ህዋስ እንደሆነ ራሳቸው እንዲለዩ እፈልጋለሁ።

የላቦራቶሪ ሰው — ታኅሣሥ 7

እህቴ፣ ደብተሩን እንዲህ አድርገሽ ማረምሽ ያስመሰግንሻል። ብዙ ሰው ሥዕሉ ካማረለት ምልክት አድርጎ ያልፋል።

ከ20 ዓመት በላይ የወባ ስላይድ ሳነብ ኖሬአለሁ። አዲስ ሠልጣኝ የሚሳሳተው ልክ እንደ ተማሪዎችሽ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ወባ?» ብሎ ከጻፈ፣ ልጁ የጊምዛ ቀለም ፍርፋሪውን ሁሉ ወባ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ የወባውን መልክ ከማሳየቴ በፊት ጎረቤቱን እንዲያይ ነው የማስተምረው። ቫይቫክስና ፋልሲፓረም ሁለት የወባ ተውሳክ ዓይነቶች ናቸው። ቫይቫክስ የገባበት ቀይ የደም ህዋስ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ህዋስ ይተልቃል። ፋልሲፓረም የገባበት መጠኑ እንዳለ ይቆያል። ይህን ልዩነት ሁለቱን ጎን ለጎን፣ በአንድ ማጉያ፣ በአንድ ቀለም ያየ ዓይን በቀላሉ ያገኘዋል። ነጠላውን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን «ትልቅ» የሚባል ነገር የለም፤ ከምን ጋር ሲተያይ?

ለአንቺም የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ስሙን አትንገሪያቸው። ስላይዶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለሽ አቅርቢ። ምንነቱን የሚያውቁት ስለው ከጨረሱ በኋላ ይሁን።

ቀጥሎ ልክ ስጫቸው። ያለ ልክ ማወዳደር የለም። በትንሹ ኦብጀክቲቭ (ወደ ስላይዱ በኩል ባለው ሌንስ)፣ ባለ 4ቱ፣ ስላይዱ ቦታ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ አስቀምጠሽ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊሜትር እንደሚታይ ቁጠሪ። በብዙ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ወደ ባለ 40ው ስታዞሪ የሚታየው ሜዳ ዐሥር እጥፍ ይጠባል፤ 0.45 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ 450 ማይክሮሜትር። ከዚያ በኋላ ማስመሪያው ሥራ የለውም። ከዳር እስከ ዳር ስንት ህዋስ እንደሚደረደር ገምቶ 450ን ለዚያ ማካፈል ነው። ስምንት የጉንጭ ህዋስ ከተደረደረ አንዱ 56 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ሽንኩርቱ በቁመቱ አንድ ተኩል ብቻ ከያዘ 300 ነው።

ሥዕሉንም እንዲህ አድርጊ። ሁሉም በአንድ ዓይነት የኩባያ አፍ ክብ ያስምሩ። ክቡ የሚታየው ሜዳ ዳር ነው። ህዋሱ በሜዳው ውስጥ የያዘውን ቦታ ያህል በክቡ ውስጥ ይያዝ። ሽንኩርቱም ጉንጩም እርሾውም በዚያው ክብ፣ በዚያው ማጉያ። ሠንጠረዥ ሳትሞሉ ልዩነቱ ከወረቀቱ ላይ ይነሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መስታወቱን ወደ ሰማይ እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩ። ዓይን ያጠፋል። የጉንጩን የጥርስ መፋቂያ እንጨትም እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ተጠቅሞ በረኪና ውስጥ ይጣል።

የቢሾፍቱ ነዋሪ — ታኅሣሥ 8

ስለ ክሎሮፕላስቱ አንድ ነገር ልበል። ልጆቹ «ቀለም ያለው ሁሉ ክሎሮፕላስት» ብለው እንዳይሄዱ፣ ቀለም በህዋስ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ በሦስት ነገር ብታወዳድሪላቸው መልካም ይመስለኛል።

አንደኛው በእጅሽ ያለው ነው። የእኛ አገር ቀይ ሽንኩርት ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። አዮዲን የቀባሽው ከቅርፊቱ የውስጥ ገጽ የሚላጠውን ነጩን መሰለኝ። ገልብጠሽ ከውጭ በኩል ካለው ከሐምራዊው ገጽ ላጪ። ምንም ቀለም አያስፈልገውም። ሐምራዊው ያለው ቫኪዩሉ ውስጥ፣ ማለትም በህዋሱ ውስጥ ባለው የውኃ ከረጢት፣ ውኃው ውስጥ ሟሙቶ ነው። ከዚያ በአንዱ ጠርዝ ጠንከር ያለ የጨው ውኃ ጠብ አድርጊ፤ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ወረቀት ሳቢው። ደቂቃ ሳይሞላ ሐምራዊው ከግድግዳው እየለቀቀ ወደ መሐል ሲሰበሰብ ታያላችሁ። ግድግዳው ባለበት ይቆማል፤ ውስጡ ይሸሻል። ከዚያ ወዲህ የህዋስ ግድግዳና ሜምብሬን (ከግድግዳው ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ሁለት ነገር መሆናቸውን ማንም አይረሳም። ንጹህ ውኃ መልሰሽ ብትጨምሪ ደግሞ ይመለሳል፣ ብዙ ካልቆየ።

ሁለተኛው፣ ክረምት ከበጋ እርጥብ ሆኖ የሚከርም የድንጋይ አጥር ወይም የቧንቧ ሥር ፈልጊ። እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አጭር አረንጓዴ ተክል አለ። አንድ ቅጠሉን በመርፌ ነቅለሽ በውኃ ጠብታ አስቀምጪ። ቅጠሉ ከመሐል አከርካሪው በቀር አንድ ህዋስ ብቻ ስለሚወፍር መቁረጥ አያሻውም። ክሎሮፕላስት ማለት እሱ ነው። እንደ ምስር ክክ ተደርድሮ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ከእኛ ሰፈር ነው። አረንጓዴ ሐይቅ የምንለው ውኃ ውስጥ ስፓይሩሊና አለ። እንደ ብዕር ሽቦ የተጠማዘዘ ክር ነው፤ በ100 ማጉያ እንኳ ይታያል። ሻላ አጠገብ ያለው ጭቱ ሐይቅም አለው፤ ፍላሚንጎዎቹ የሚሰበሰቡት እሱን ለመብላት ነው። ስፓይሩሊና ባክቴሪያ ነው። ኒውክለስ (የህዋሱ አስኳል) የለውም፣ ክሎሮፕላስትም የለውም፣ ግን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው በህዋሱ ሁሉ የተነጠፈ ነው እንጂ በከረጢት አልተቋጠረም። ባክቴሪያ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም ለሚሉም መልስ ነው።

ከፈለግሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቼ በአዲስ አበባ በኩል በሰው እልክልሻለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

መምህርት ዘጠነኛ — ታኅሣሥ 8

እግዜር ይስጥልኝ! ጽፌልሃለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን የማስመሪያ ዘዴ ዛሬ ሞከርኩት። የእኛው ማይክሮስኮፕ 4.5 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ነገ ልጆቹ ራሳቸው እንዲለኩ አደርጋለሁ።

እናት በሜሪላንድ — ታኅሣሥ 10

ይቅርታ፣ ከመሐል ገባሁባችሁ። ልጄ እዚህ ሰባተኛ ክፍል ናት። በወረቀት የተሠራውን፣ ፎልድስኮፕ የሚባለውን ማይክሮስኮፕ ሰጥተዋቸው የሽንኩርት ልጣጭ ስናይ አመሸን። በአማርኛ ላስረዳት ብዬ «ህዋስ» ስላት፣ አብራን ያለችው እናቴ «ህዋስማ አምስቱ ናቸው፤ ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ» አለች። የቱ ነው ትክክሉ?

የላቦራቶሪ ሰው — ታኅሣሥ 10

እናትሽ ልክ ናቸው፤ አንቺም ልክ ነሽ። በግዕዝና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕዋሳት የሚባሉት አምስቱ የስሜት መቀበያዎች ናቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቃሉን ወስዶ ለዚህች ትንሽ ክፍል አዋለው። ከዚያም «ህብረህዋስ» መጣ፣ ህዋሶች አንድ ላይ ሆነው ሲሠሩ። እኔ ሁለተኛውን ቃል በጣም እወደዋለሁ፤ የሽንኩርቱን ልጣጭ ያየ ሰው «ህብር» ለምን እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል። ለልጅሽ ሁለቱንም ትርጉም ንገሪያት፣ ከአያቷም ጋር ትግባባለች።

መምህርት ዘጠነኛ — ታኅሣሥ 13

የሆነውን ልንገራችሁ፤ ደግሞም አዲስ ችግር ገጥሞኛል።

ስላይዶቹን በፊደል ብቻ አቀረብኩ። አንዱ ልጅ ከቤቱ በብልቃጥ የጤፍ ቡሆ ይዞ መጣ። «እርሾ ህዋስ ነው፣ ኒውክለስም አለው ብለሽናል፤ እንየው» አለ። አንድ ጠብታ በውኃ አቅጥነን በባለ 40ው ኦብጀክቲቭ፣ በ400 ማጉያ ማለት ነው፣ አየን። ሜዳው በጥቃቅን ነጥብ ተሞልቷል። ባለ ብዙ ማዕዘን የሆኑ፣ ግልጽ፣ አንዳንዱ እንደ ወይን ዘለላ የተጣበቀ። ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ። ልጆቹ «እርሾው ሲንቀሳቀስ አየነው!» ብለው ተደሰቱ። ኒውክለስ ግን በአንዱም አላገኘንም። ልጁ አሁን መልስ እየጠበቀ ነው። ምን ልበለው?

የጤፍ ተመራማሪ — ታኅሣሥ 13

መምህርት፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ጤፍ ላይ እሠራለሁ። ያያችሁት በአብዛኛው እርሾ አይደለም። የጤፍ ስታርች ነው።

የጤፍ ስታርች ቅንጣት በጣም ደቃቅ ነው፤ ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር። ማዕዘን ማዕዘን ያለው ፍሬው ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚያድግ ነው። እርሾ ደግሞ 5 አካባቢ ስለሆነ በመጠን ብቻ ይምታታል። መንቀጥቀጡም ሕይወት አይደለም። የውኃው ቅንጣቶች ከየአቅጣጫው ሲገፉት ማንኛውም ደቃቅ ነገር እንዲህ ይሆናል፤ የተፈጨ ከሰል ብትጨምሪም ይንቀጠቀጣል።

መለያው አጠገብሽ አለ፤ አዮዲኑ። በስላይዱ ዳር ጠብ አድርጊና ጠብቂ። ስታርች ሁሉ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። እርሾው ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ሜዳው ከጠቆረ በኋላ በመሐል ቢጫ ሆኖ የቀረውን እንቁላል መሰል ፈልጉ። አንዳንዱ ከጎኑ ትንሽ ልጅ አዝሎ ታገኙታላችሁ፤ እያቆጠቆጠ ነው።

ቡሆውን አትጠቀሙ። ሊጡ ሲቀመጥ ከላይ የሚያቆረውን ቢጫ ውኃ፣ እርሾ ብለን ለሚቀጥለው የምናቆየውን፣ ከላዩ በቀስታ ቅዱ። ስታርቹ ዘቅጦ ይቀራል። እዚያ ውስጥ ከእርሾ ህዋሶቹ ሌላ እንደ ስንጥር ያሉ በጣም ቀጫጭን ነገሮች ካያችሁ፣ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ኒውክለሱን በተመለከተ ለልጁ እውነቱን ንገሪው። እርሾ ኒውክለስ አለው፤ ነገር ግን በዚህ ማይክሮስኮፕ ያለ ልዩ ቀለም አይለይም። እርሾው ውስጥ ነጣ ያለ ክብ ነገር ካየ ቫኪዩሉ ነው። ብዙ ሰው እሱን ኒውክለስ ብሎ ይስላል።

ለንጽጽር የድንች ስታርችም እዩ። ድንቹን ቆርጠሽ ስላይዱን በቁራጩ ፊት መንካት ብቻ ነው። እስከ 100 ማይክሮሜትር የሚደርስ፣ እንደ ሽንኩርት ክብ በክብ መስመር ያለው ቅንጣት ነው። ከጤፉ ጋር በአንድ ኩባያ ክብ ሲሳል ልጆቹ ዓይናቸውን አያምኑም።

ሽሮሜዳ ልጅ — ታኅሣሥ 14

የመጀመሪያ አስተያየቴን እመልሳለሁ። የእርሾ ፎቶ ቢያዩ ኖሮ ይኼ ጥያቄ በጭራሽ አይነሳም ነበር። ልጁ ጥሩ ጠይቋል።

የግመል ሐኪም — ታኅሣሥ 17

ከአፋር ነኝ፣ የእንስሳት ሐኪም። እስካሁን ከእንስሳት ወገን ያነሳችሁት ጉንጭ ብቻ ስለሆነ ደም ልጨምርላችሁ። «የእንስሳት ህዋስ» የሚባል አንድ መልክ እንደሌለ በደም ስሚር፣ ስላይድ ላይ በስሱ በተቀባ ደም፣ ቶሎ ይታያል።

የሰው ቀይ የደም ህዋስ ክብ ነው፣ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር፤ ኒውክለስ የለውም። የበግም የላምም እንደዚያው፣ ግን ያንሳል። የፍየል በጣም ትንሽ ነው፣ የሰውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ማለት ይቻላል። የዶሮ ሞላላ ነው፤ ቁመቱ 12 አካባቢ፤ መሐሉ ላይ ኒውክለስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ «ሞላላ ከሆነ ኒውክለስ አለው» ብሎ ሕግ ያወጣል። ያን ጊዜ የግመሉን አመጣለታለሁ። የግመል ቀይ የደም ህዋስ ሞላላ ነው፣ ኒውክለስ ግን የለውም!

ግመል ተጠምቶ ሲቆይ በአንድ ጊዜ ወደ 100 ሊትር ውኃ ይጠጣል። የሌላ እንስሳ ደም በዚያ ቢቀጥን ህዋሶቹ ይፈነዱ ነበር። የግመሉ ያብጣል፣ ይችለዋል።

እኔ ግመል ደም የማየው ሱራ የሚባለውን በሽታ ፍለጋ ነው። ትኩስ ጠብታ በከቨር ስሊፕ ሸፍኜ በ400 ሳየው፣ ህዋሶቹ በአንድ በኩል ድንገት መገፋፋት ይጀምራሉ። የበሽታው ተውሳክ፣ ትሪፓኖሶማው፣ ራሱ ከመታየቱ በፊት የሚታየው ግፊያው ነው። እሱም አንድ ህዋስ ነው፤ በኒውክለሱ፣ በጅራፉ፣ ሙሉ ፍጥረት። አንድ ሜዳ ላይ የግመሉ ህዋስና የጠላቱ ህዋስ አብረው ይታያሉ።

መምህርት ዘጠነኛ — ታኅሣሥ 17

ዶሮውን ወድጄዋለሁ። ግን አሁን ጾም ነው፤ በእኛ ሰፈር እስከ ገና ዶሮ የሚያርድ የለም። የዋዜማ ዕለት ሲታረድ ደሙን እንዴት ላስቀምጥ? ሰው ደም ላለመጠቀም ወስኛለሁ።

የላቦራቶሪ ሰው — ታኅሣሥ 18

የሰው ደም መተውሽ ትክክል ነው፤ በክፍል ውስጥ ጣት መውጋት አያስፈልግም።

ለዶሮው ሁለት ነገር አዘጋጂ። አንደኛው ስሚር። ትንሽ ጠብታ ስላይዱ ጫፍ ላይ፣ በሌላ ስላይድ ጠርዝ ጋደም አድርገሽ በአንድ ጊዜ ግፊው። ጫፉ እንደ ምላስ ስስ ካልሆነ ድገሚው፤ የወፈረ ስሚር ላይ ህዋስ ከህዋስ አይለይም። በአየር ይድረቅ፣ ከአቧራና ከዝንብ ይጠበቅ። ትምህርት ቤት ስትመለሺ አልኮል አልብሰሽ ካደረቅሽ በኋላ ሜቲሊን ብሉ ቀቢው። ኒውክለሱ ይሰማያል።

ሁለተኛው ሕያው ማወዳደሪያ ነው። በአንድ ሊትር የተፈላና የቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው አሟሚ። ከሱ በትንሽ ብልቃጥ ይዘሽ ጥቂት የደም ጠብታ ጨምረሽ ወዲያው ወዝውዢ። ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ከዚያ አንዱን ጠብታ እንዳለ፣ ሌላውን ከተራ ውኃ ጋር ቀላቅለሽ አሳያቸው። በተራ ውኃ ውስጥ ቀይ ህዋሶቹ አብጠው ይፈነዳሉ፤ ቀዩ ወደ ውኃው ይወጣል፤ የሚቀረው ኒውክለስ ነው። የቢሾፍቱው ወንድማችን ያለሽን የሽንኩርት ሥራ ከዚህ አጠገብ አድርጊው። ሽንኩርት በተራ ውኃ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ አይፈነዳም። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩት።

የነካችሁትን ሁሉ በበረኪና፣ እጅን በሳሙና።

መምህርት ዘጠነኛ — ጥር 3

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ! ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ይዤ መጣሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

የቢሾፍቱው ጠርሙስ ደርሷል። ገና በብልቃጡ ሳለ ልጆቹ «የሻገተ ውኃ» ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። በ100 ማጉያ ሲያዩት ግን የመጀመሪያዋ ልጅ ከማይክሮስኮፑ አልነሳ አለች። ጠመዝማዛው በውኃው ውስጥ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ያሳያል። የአጥሩን አረንጓዴ ተክል፣ የሽንኩርቱን ሐምራዊና ይህን በሦስት ክብ ጎን ለጎን ሳሉ። «ቀለሙ የት ነው ያለው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሰጠኋቸው። አንዱ ቡድን «በመጀመሪያው በእህል መልክ ተበትኗል፣ በሁለተኛው እንደ ጠላ ማሰሮውን ሞልቷል፣ በሦስተኛው ልብሱ ራሱ ቀለም ነው» ብሎ ጻፈ። ከማንኛውም መጽሐፍ አልገለበጡትም።

እርሾውም ተገኘ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፣ ምድጃ ዳር ሦስት ቀን አቆየነው። ከላይ ያቆረውን ቀድተን አዮዲን ጠብ ስናደርግ የቀሩት ጥቂት የስታርች ቅንጣቶች ጠቆሩ፤ እንቁላሎቹ ቢጫ ሆነው ወጡ። ቡሆ ያመጣው ልጅ ራሱ አንድ የሚያቆጠቁጥ አገኘ። የቀድሞ ሥዕሉን አላጠፋም። ከሥሩ «ይህ ስታርች ነበር» ብሎ ቀን ጽፎበታል። ያን ወረቀት ፎቶ አንስቼ አስቀምጫለሁ።

ዶሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሚሮች ወፍረውብኝ ተበላሹ፤ ሦስተኛው ተሳካ። ኒውክለሶቹ እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ጨው ውኃ ውስጥ ያሉት ሞላላ እንደሆኑ ቆዩ። ተራ ውኃ የተጨመረበት ስላይድ ላይ ግን መጀመሪያ ክብ ሆኑ፣ ከዚያ ዳራቸው እየደበዘዘ ጠፋ፤ የቀረው ፍሬው ብቻ ነው። በሽንኩርቱ ላይ ያን ያህል ውኃ ጨምረን ምንም አልሆነም። ክሎሮፕላስት የሳለችው ጎበዟ ልጅ ናት የመለሰችው፦ «ሽንኩርቱን የያዘው ግድግዳው ነው፤ ዶሮው የሚይዘው የለውም።» የሳለችው ክብ ውስጥ ሐምራዊው ከግድግዳው ሲለቅ፣ በአንድ ጥግ ሳይለቅ የቀረውን ቀጭን ክር ሳይቀር አስገብታዋለች። እኔ ያን ክር አላየሁትም ነበር። ተመልሼ አየሁ፤ አለ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የጉንጩን ስላይድ ደግመን ስናይ፣ በአንዳንዱ ህዋስ ላይ በጣም ጥቃቅን ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። አንዳንድ ቦታ በመስመር የተደረደሩ ናቸው። ግማሹ ክፍል የቀለም ቆሻሻ ነው ይላል፣ ግማሹ የህዋሱ አካል ነው ይላል። ተከራክረው አልተስማሙም፤ እኔም እስካሁን አልፈረድኩም።

የላቦራቶሪ ሰው — ጥር 3

አለመፍረድሽን ወድጄዋለሁ፣ ትንሽ ይቆዩበት።

የሚለዩበትን መንገድ ልንገርሽ። የቀለም ፍርፋሪ መጠኑ የተዘበራረቀ ነው፣ ህዋስ በሌለበት ባዶ ቦታም ይገኛል። የህዋሱ አካል ከሆነ በሁሉም ህዋስ ላይ መኖር አለበት። መጠናቸው እኩል የሆኑ፣ በሰንሰለት ወይም በጥንድ የተያያዙ፣ አንዱ ህዋስ ላይ ተሰብስበው ሌላው ላይ የሌሉ ከሆኑ የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊዩዌንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ ከጥርሱ ላይ ፍቆ ያያቸው እነዚህን መሰሎቹን ነው፣ በ1683።

ልጆቹ ሦስቱንም ይፈትሹ። አንዱ ቡድን ባዶውን ቦታ ይቁጠር፣ ሌላው ዐሥር ህዋስ መርጦ በስንቱ ላይ እንዳሉ ይቁጠር፣ ሦስተኛው ቡድን በማለዳ ጥርሱን ሳይፍቅ የወሰደውንና ከፋቀ በኋላ የወሰደውን ያወዳድር። ባለ 100 ኦብጀክቲቩ ካለሽ የዘይት ጠብታ አትርሺ፤ ስትጨርሺ ሌንሱን በለስላሳ ወረቀት ጥረጊው። ቁጥሩን ይዘሽ ስትመለሺ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።

መምህርት ዘጠነኛ — ጥር 4

ሦስቱን ቡድን ዛሬ ጠዋት መደብኩ። የሦስተኛው ቡድን ልጆች ነገ ሳይፍቁ ይመጣሉ፤ መፋቂያቸውን በኪሳቸው ይዘው።